ረባሽ ደጋፊን ኬላ ላይ የሚመልስ ሕግ ያስፈልገናል? ከ2027ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በፊት እንወያይ

የጅረን ሰው (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ይካሄዳል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ ስለማይጠየቅ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ካለፈ ከጅማ፣ ከአጋሮና ከበደሌ አውቶቡስ ተኮናትሮ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የሚወርድ ደጋፊ እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም፤ ባያልፍም ጨዋታ ለማየት ብቻ የሚሄድ አይጠፋም። መርካቶ አካባቢ ባሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ግን አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ እሰማለሁ፦ «ረባሽ የታወቀ ነው፤ መንግሥት ስሙን ይዞ ኬላ ላይ ይመልሰው።» ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኔ በሙያዬ ጠበቃ ስለሆንኩ፣ ስሙን የሚይዘው ማን ነው፣ በምን ማስረጃ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ያሳስበኛል።

ጉዳዩን በሕግ በማደራጀት ረጅም ልምድ ያላት እንግሊዝ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር። በ1985 ብራስልስ በሚገኘው ሄዝል ስታዲየም ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ በተገናኙበት የፍጻሜ ጨዋታ 39 ሰዎች ሞቱ፤ የእንግሊዝ ክለቦችም ለአምስት ዓመት ከአውሮፓ ውድድሮች ታገዱ፤ ሊቨርፑል ደግሞ ስድስት ዓመት ቆየ። ያ ቅጣት ያረፈው በክለቦች ላይ በመሆኑ ረብሻውን ያስነሳውም፣ ልጁን ይዞ የመጣውም እኩል ነበር የተቀጡት። በ1989 የወጣው የእግር ኳስ ተመልካቾች ሕግ ትኩረቱን ወደ ግለሰቡ አዞረ፤ ፍርድ ቤት ከእግር ኳስ ጋር በተያያዘ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው፣ ውጭ አገር ጨዋታ ሲኖር ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ እንዲመዘገብ ማዘዝ ቻለ።

ሕጉ ጥርስ ያወጣው በ2000 ነው። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ባዘጋጁት የአውሮፓ ዋንጫ በብራስልስና በሻርለሯ ከ900 በላይ እንግሊዛውያን ተያዙ፤ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት የእገዳ ትእዛዝ ያልነበረባቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። ፓርላማው ውድድሩ ባለቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲስ ሕግ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ያልተፈረደበትን ሰው እንኳ «ከዚህ በፊት ረብሻ ፈጥሯል ወይም ተካፍሏል፤ ትእዛዙም ረብሻን ለመከላከል ይረዳል» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው በአምስት ቀን ውስጥ በተነገረው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ይመዘገባል። ትልቅ ውድድር ሲመጣ የቁጥጥሩ ጊዜ ከመክፈቻው አሥር ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ሰውየው ፓስፖርቱን ያስረክብና ውድድሩ ሲያልቅ ይመለስለታል። ትእዛዙን ከጣሰ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። በ2006ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ ከ3,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ አገራቸው ቀርተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ስም ግን አስቀድሞ በዳኛ ፊት ያለፈ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ምን መምሰል አለበት ትላላችሁ?

ቡና ነጋዴ

ወንድሜ የጅረን ሰው፣ ጽሑፍህን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ነገር ግን ያላነሳኸው ከሁሉ የከበደ ቁጥጥር አለ። እንግሊዛዊው ፓስፖርቱን የሚያስረክበው በእጁ ስላለ ነው። የእኛ አገር ተመልካች ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ወረፋ እንደሚጠብቅ፣ ከዚያም ኤምባሲ በር ላይ የባንክ ደብተርና የንግድ ፈቃድ ታቅፎ ቆሞ እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ የአንድ አገር ቪዛ ጠይቄ የተመለሰልኝ ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የፈረመበትን ሰው ስም እንኳ አላነበብኩም።

ሩሲያ በ2018 ትኬት ለያዘ ሁሉ «ፋን አይዲ» የሚባል የተመልካች መታወቂያ ሰጥታ ያለ ቪዛ አስገባች፤ ኳታርም በ2022 «ሃያ» በሚባለው ካርድ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። ለእኛ ዓይነቱ ተጓዥ ይህ ትልቅ በረከት ነበር፤ የተመልካቹ ስምና ፎቶግራፍ አስቀድሞ በአዘጋጁ አገር የጸጥታ ሰዎች እጅ መግባቱ ግን አይረሳ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በውጭ ሰዎች በኩል የምንታጠርበት አጥር ሳያንስ በገዛ እጃችን ሌላ አጥር ለምን እናጥራለን?

የድሮው ሳጅን

ልጆቼ፣ እኔ በጡረታ የተገለልኩ ፖሊስ ነኝ፤ ጅማ ስታዲየም ለዓመታት በጥበቃ ቆሜያለሁ። ጠበቃው ስለ ማስረጃ ያነሳኸውን ከሜዳው በኩል ልንገርህ። ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሲነፍግ ካታንጋ ከሚባለው የተመልካች መቀመጫ በኩል ግማሽ ውኃ ያለበት የሃይላንድ ፕላስቲክ ይወረወራል፤ የመስመር ዳኛው ጀርባ ላይ ያርፋል። ወደዚያ ስትወጣ መቶ ሰው ሽቅብ ያያል፤ «ከላይ ነው የመጣው» ይሉሃል፤ ከላይ ያሉትም ወደ ጎን ይጠቁሙሃል። ማን እንደወረወረ ግን እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። በየጨዋታው እነዚያው ጥቂት ልጆች ናቸው፤ እኛም በመልክ ለይተን እናውቃቸዋለን። ይህን ዕውቀት ይዘህ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ምስክር የሚሆንህ አንድ ሰው አታገኝም።

ስለዚህ «ረባሽ የታወቀ ነው» የሚሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። የፖሊስ መዝገብ ተዘጋጅቶ፣ ትልቅ ውድድር ሲመጣ ለኢሚግሬሽን ቢተላለፍ፣ እነዚያ ልጆች ለአንድ ወር ቢቀሩ ማን ይጎዳል? ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲሰጥ ውድድሩ አልቆ ዋንጫው ተነስቷል።

ፍትሕ ፈላጊ

ጋሼ ሳጅን፣ ከሜዳ የመጣ ቃል ስለሆነ አክብሬ ነው የምመልስልዎ፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። እኔ የሕግ መምህርት ነኝ፤ ትንሽ ረዘም ካልኩ ይቅር በሉኝ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። የሚገርመው፣ ይህ አንቀጽ እንደ ሌሎች የመብት አንቀጾች «ለሕዝብ ሰላም ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል» የሚል ሐረግ በውስጡ የለውም። ገደብ ይቻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ወደ አንቀጽ 13 ሄዶ፣ መብቶቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎማሉ የሚለውን መያዝ ይኖርበታል፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 12 ገደብን ይፈቅዳልና። ቃል ኪዳኑ የሚፈቅደው ግን በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ የሆነ ገደብን ነው። ፖሊስ በመልክ የሚያውቃቸውን ሰዎች የያዘ መዝገብ ይህን መመዘኛ ያልፋል ብሎ የሚከራከር የሕግ ሰው አላውቅም።

የእንግሊዝም ትእዛዝ በቀላሉ አላለፈም። በ2002 የታገዱ ሰዎች ጉዳያቸውን እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ወስደው፣ ያለ ወንጀል ፍርድ ከአገር መውጣትን መከልከል መብታችንን ይጥሳል ብለው ተከራክረው ነበር። ፍርድ ቤቱ እገዳው ቅጣት ሳይሆን የመከላከያ እርምጃ ነው ብሎ ሕጉን አጸናው፤ ነገር ግን ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሥርዓት ቢታይም፣ የሚያስከትለው ነገር ከባድ ስለሆነ የማስረጃው ደረጃ በተግባር ከወንጀል ክስ እንዳያንስ፣ ሰውየው ወደ ረብሻ የማዘንበል ጠባይ እንዳለውም በጠንካራ ምክንያት እንዲረጋገጥ ጠየቀ። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ፖሊስ ደጋፊዎችን በካሜራ የሚከታተሉ፣ ፊታቸውንም የሚለዩ የራሱን ሰዎች ከየቡድኑ ጋር የሚልከው፤ በመቀመጫ ጎረቤት ምስክርነት ላይ ብቻ ቢንጠለጠል ኖሮ እንደ እርስዎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ጊዜ የለም የሚለው የጋሼ ስጋት እውነተኛ ነው፤ እነሱም አስበውበታል። በቁጥጥሩ ጊዜ ውስጥ አንድ ፖሊስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚጠረጥረውን ሰው አራት ሰዓት፣ በበላይ መኮንን ፈቃድ እስከ ስድስት ሰዓት ሊያቆየው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ይለቀዋል ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ መጥሪያ ይሰጠዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት ለተያዘ ሰው የሚሰጠው 48 ሰዓት ነው። እንግዲህ ፈጣን ችሎት ማቋቋም የማይቻል ነገር አይደለም።

ከዴንማርክ የመጣ ሌላ ምሳሌም አለ። በ2009 ኮፐንሃገን ውስጥ ዴንማርክና ስዊድን ሲጫወቱ ፖሊስ ወንጀል ያልፈጸሙ ሰዎችን ለሰባት ሰዓት ያህል ይዞ አቆየ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2018 ፖሊስ አልተሳሳተም አለ፤ ምክንያቱም ፖሊሶቹ መጀመሪያ ደጋፊውን በማነጋገር ለማብረድ ሞክረዋል፤ ቀስቃሾቹን ብቻ ለይተው ይዘዋል፤ ከተማው ሲረጋጋም ለቀዋል። የተፈቀደው ሰዓት የሚቆጠር ነገር ነው፤ የአንድ ወር እገዳ ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ከደቡብ የተመለሰ

እኔ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነበረኝ፤ አሁን ጅማ ተመልሻለሁ። በጥር 2013 ምቦምቤላ ስታዲየም ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት እዚያው ነበርኩ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ቀን ስለነበር፣ ከጆሃንስበርግም ከሌላውም ከተማ የአገር ልጅ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ስታዲየሙ ባንዲራ በባንዲራ ሆኖ ነበር። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ቩቩዜላውም ጠርሙሱም ወደ ሜዳ ዘነበ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ አስቆጥሮ አንድ ለአንድ ወጣን፤ በኋላ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፌዴሬሽናችንን በገንዘብ ቀጣ።

ይህን የማነሳው ለዚህ ነው፦ በዙሪያዬ ከነበሩት መካከል ከአዲስ አበባ የመጣ አልነበረም። ሁሉም እዚያው የሚኖር፣ የደቡብ አፍሪካ ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ቦሌ ላይ የሺህ ሰው ፓስፖርት ቢያዝ ከዚያ ቀን አንድ ቩቩዜላ አይቀንስም ነበር። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር ደግሞ አስቡት።

የጅረን ሰው

ለከደቡብ የተመለሰ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ይህ ነጥብ ክርክሩን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። የመውጫ እገዳ የሚሠራው ረብሻው ከአገር ቤት ተደራጅቶ በሚጓዝበት ጊዜ ነው። በ1998 ፈረንሳይ ላንስ ከተማ ውስጥ ዳንኤል ኒቬል የተባለውን ዣንዳርም (የፈረንሳይ ጸጥታ አስከባሪ) ደብድበው ለሳምንታት ራሱን እንዲስት ያደረጉት ጀርመናውያን፣ በ2016ም ማርሴይ ላይ ከእንግሊዞች ጋር የተጋጩት ሩሲያውያን ለዚሁ ተዘጋጅተው የመጡ ነበሩ። የእኛ ችግር እስካሁን እንዲያ አይደለም፤ ሜዳ ውስጥ በዳኛ ውሳኔ ተቆጥቶ እጁ ያገኘውን የሚወረውር ነው። ለቡና ነጋዴ የምመልሰው ግን ይኸው ነው፦ እኔ አጥር እንጨምር አላልኩም፤ የፖሊስ መዝገብ በዝምታ ከሚመጣብን አስቀድመን በሕግ እንወስነው ማለቴ ነው።

ትርንጎ

መዝገብ በዝምታ ይመጣል ላልከው የአርጀንቲና ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። በ2022 ወደ ኳታር የተላለፈው የስም ዝርዝር 6,000 ያህል ሰው የያዘ ነበር። አብዛኛው ብሔራዊ ሊጉን የሚያምሱት የደጋፊ ቡድኖች አባላት መሆናቸው የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ለልጆቻቸው ቀለብ ያልከፈሉ አባቶችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የልጁን ቀለብ የማይከፍል ሰው ኳታር ድረስ ሄዶ ኳስ ማየቱ እኔንም ያናድደኛል፤ ይህ ግን ከስታዲየም ጸጥታ ጋር ምን አገናኘው? መዝገብ አንዴ ከተከፈተ ስም ማስገባት ቀላል ስለሚሆን ነው። እንግሊዝም ብትሆን በ2022 በኢንተርኔት የዘር ስድብ የሚጽፉትንና ስታዲየም ውስጥ ከባድ አደንዛዥ ዕፅ የያዙትን በእገዳው ሥር አስገብታለች፤ የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፣ ሁለተኛውን እጠራጠራለሁ፤ ቢያንስ ግን ሁለቱም በፓርላማ ተከራክረውበት፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለውን ሰው ብቻ የሚነኩ ናቸው።

የጅማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ልጨምር። ጅማ አባ ጅፋር በ2018 መጨረሻ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ሲጫወት፣ በመልሱ አንድ ለዜሮ አሸንፎ በድምር ሁለት ለአንድ ነበር የወደቀው። በዚያው አገር በ2012 ፖርት ሰኢድ ላይ ከ70 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ስታዲየሞቹ ለዓመታት ያለ ተመልካች ቆይተዋል። ግለሰቡን ለይቶ የሚያግድ ሕግ በሌለበት አገር የሚቀረው መሣሪያ በሩን ለሁሉም መዝጋት ነው። እኔም የግለሰብ እገዳን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሰላም ለምትመጣዋ እናት መቀመጫዋን የሚያስቀርላት እሱ ስለሆነ።

የድሮው ሳጅን

መምህርት፣ ስለ 24 ሰዓቱ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፈጣን ችሎት ካለ እኔም መዝገቤን እተዋለሁ። ነገር ግን ወረቀት ላይ ያለው ሞያሌ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልጠይቅሽ። እገዳ የተሰጠበት ልጅ ከሊሙ ወይም ከጌራ ነው እንበል፤ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ፓስፖርቱን እንዲያስረክብ ታዘዘ። ልጁ መጀመሪያውኑ ፓስፖርት የለውም። ድንበሩ በሁለቱም ወገን አንድ ዘመድ፣ አንድ ቋንቋ ያለበት ቦታ ነው፤ ከብት የሚነዳው በየቀኑ ይሻገራል። ፓስፖርት መያዝ ለእንግሊዝ ያገለገለው አገሩ ደሴት ስለሆነ ይመስለኛል።

ፍትሕ ፈላጊ

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ቢያነሳው ከፍተኛ ማርክ እሰጠው ነበር። እንግሊዝ ራሷም በፓስፖርት ብቻ አልተማመነችም፤ ለዚህ ነው ትእዛዙ ሰውየው በጨዋታው ጊዜ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ጭምር የሚያስገድደው። ጅማ ቀርቦ የፈረመ ሰው በዚያው ሰዓት ናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ሊገኝ አይችልም። ከጌራ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ያለው መንገድ ግን ለደሃ ገበሬ ልጅ የሥራ ቀን የሚበላ ነው፤ ስለዚህ የመፈረሚያው ቦታ የሚኖርበት ቀበሌ ቢሆን፣ ሰርግ ወይም ለቅሶ ቢገጥመውም ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ ቢኖረው እላለሁ። በእንግሊዝም የታገደ ሰው ልዩ ምክንያት ካለው ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል፤ ከእገዳው ዘመን ሁለት ሦስተኛው ሲያልፍም እንዲነሳለት ይጠይቃል። ረቂቅ የሚጽፍ ሰው ቢኖር እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች ቀድሜ የማስገባቸው እኔ ነኝ።

የወንጀል ሕጋችንም ባዶ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ወደ ተወሰኑ ቦታዎች እንዳይሄድ ሊከለክል የሚችልበት ድንጋጌ አለው። አንድ ሰው ስታዲየም ውስጥ ሰው አቁስሎ ከተፈረደበት፣ ዐቃቤ ሕግ ይህን ተጨማሪ እርምጃ ዛሬውኑ መጠየቅ ይችላል። አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው ላልተፈረደበት ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ መቸኮል አልፈልግም።

ቡና ነጋዴ

ሁላችሁም ወደ ናይሮቢ ስለሚወርደው ተጓዥ አወራችሁ፤ ስለ ስታዲየሙ በር ማንም አላነሳም። በነሐሴ 2025 የአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የሚሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ በእነዚሁ ሦስት አገሮች ሲካሄድ፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ ትኬት የሌለው ሕዝብ በሩን ገፍቶ በመግባቱ ካፍ ኬንያን ቀጥቶ የተመልካቹን ቁጥር ወደ 27,000 አወረደው። ያ ሁሉ ሰው የአገሩ ሰው ነው፤ በኬላ አልመጣም። ለዚህ ከእገዳ ይልቅ በስም የተሸጠ ትኬትና በር ላይ የሚያነበው መሣሪያ ይበጃል ባይ ነኝ። ፌዴሬሽናችን ለደጋፊ የሚደርሰውን ትኬት በመታወቂያ ቢሸጥ፣ ጋሼ ሳጅን የሚፈልጉት ማስረጃም ያን ጊዜ ይገኛል፦ ሃይላንዱ ከየትኛው ወንበር እንደተወረወረ በካሜራ ከታየ፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

የድሮው ሳጅን

ወንበር በቁጥር ያለው ስታዲየም መጀመሪያ ይሠራልኛ። ካታንጋ ላይ የሚቀመጠው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ነው፤ ጎል ሲገባ ደግሞ ማንም በቦታው አይቆይም።

የጅረን ሰው

ጋሼ፣ ኬንያ ያሉት ስታዲየሞች ወንበር አላቸው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለዚያ ነው። ለማንኛውም ከዚህ ውይይት የወጣውን፣ ማለትም በዳኛ ትእዛዝ ብቻ፣ በጊዜ የተገደበ፣ በቀበሌ የሚፈረም፣ ማስነሻ ያለው እገዳ እና በመታወቂያ የሚሸጥ ትኬት የሚለውን አንድ ገጽ አድርጌ ጽፌ በሳምንቱ መጨረሻ እዚሁ እለጥፋለሁ። ፍትሕ ፈላጊ የማስረጃውን ደረጃ የሚመለከተውን አንቀጽ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ያልተፈረደበትን ሰው የሚመለከተው ክፍል ይግባ ወይስ ይውጣ የሚለው ላይ ግን የሌሎቻችሁንም አስተያየት እጠብቃለሁ።